ከጂንካ ኮረብታ እስከ ኦሞራቴ ዳርቻ



የዛሬው ጉዟችን ወደ ደቡብ ኦሞ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን በቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነበር። በቀን መቁጠሪያው ላይ የአንዲት የዳሰነች ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ በራሷ ላይ ከጠርሙስ ቆርኪ የተሠራ ጌጥ ደፍታለች። የአሥር ዓመት ልጄ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሙዚየም ውስጥ ነው የሚኖሩት?» ስትል ጠየቀችኝ። ታላቅ ወንድሟ ሳቀባት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ልጅቷ የጠየቀችው ያየችውን ነው። እኛ ትልልቆቹ ስለ ደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ፖስት ካርድና የቀን መቁጠሪያ እንጂ ሌላ ምን አሳየናት? ስማቸውን እንኳ በቅጡ አላስተማርናትም።

ስለዚህ የግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ ከባለቤቴ ጋር ተመካከርንና ቤተሰቡን ይዘን ወጣን። ሐሳባችን የዕቃውን ቦታና የሰውን ቦታ ለይተን ለማሳየት ነበር። ዕቃው በቤተ መዘክር ይታያል፤ ሰው ግን በቤቱ ይጠየቃል። በመንገዳችን ያየናቸውን ሁለት ቤተ መዘክሮችና ከእነርሱ በኋላ ያገኘነውን የወንዝ ዳር ሕዝብ እነሆ ለእናንተም እናስጎበኛችሁ።

ኮንሶ፤ ከሌባ የተመለሱ ዋካዎች

ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ የሚሄድ ሰው ኮንሶን አቋርጦ ያልፋል። ብዙ መንገደኛ ካራት ከተማ ላይ ምሳ በልቶ ጉዞውን ይቀጥላል። እኛ ግን ከመሄዳችን በፊት በከተማው ወደሚገኘው የኮንሶ ቤተ መዘክር ገባን።

በዚያ የሚታየው ዋነኛ ነገር ዋካ ነው። ዋካ የኮንሶ ሰዎች ለሞተ ጀግናና ለታላቅ ሰው በመቃብሩ ላይ የሚያቆሙት ከእንጨት የተጠረበ ምስል ነው። ሰውየው በመካከል ይቆማል፤ ሚስቶቹ በጎኑ ይደረደራሉ፤ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረው ይታያሉ። ማንበብ ለሚችል ሰው የአንድ ሰው ሙሉ የሕይወት ታሪክ በአንድ ረድፍ ቆሞ ይገኛል ማለት ነው።

ታዲያ የመቃብር ምልክት እንዴት ቤተ መዘክር ገባ? ምክንያቱ ስርቆት ነው። ዋካዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋ እንዳላቸው ከታወቀ ወዲህ ሌቦች በሌሊት ከመቃብር እየነቀሉ ይሸጧቸው ጀመር። ከነጋዴዎች እጅ የተያዙት ተመልሰው እዚህ እንዲጠበቁ ሆነ። ስለዚህ በካራት የሚታዩት ምስሎች ለጌጥ ተብለው የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ከቤታቸው ተነቅለው የተገኙ ስደተኞች ናቸው ብንል ይቀላል።

ወንድ ልጄ ይህን ሲሰማ «እኛ በመቃብር ላይ ምስል አናቆምም፤ ታዲያ ቢነቀል ምን ችግር አለው?» አለ። ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። የእኛ የቀብር ሥርዓት ሌላ መሆኑን፣ ነገር ግን የሟች ክብር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ እኛ እንደምናውቅ ነገርኩት። «የአያትህን መቃብር ድንጋይ አንድ ሰው በሌሊት ነቅሎ ቢሸጠውስ?» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ ወደነበረው ዋካ ሄዶ ስሙን የሚያነብ ይመስል ረጅም ጊዜ ቆመ።

የኮንሶ የእርከን ሥራና በድንጋይ ካብ የታጠሩት መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ግማሽ ቀን ያለው ቤተሰብ ከቤተ መዘክሩ ቀጥሎ እርከኖቹን ቢያይ አይጸጸትም።

ጂንካ፤ የራስን ነገር በራስ አንደበት

ከኮንሶ መንገዱ ወደ ወይጦ ሸለቆ ይወርድና በቀይ አፈር በኩል ወደ ጂንካ ይወጣል። ጂንካ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ አረንጓዴና ነፋሻማ ከተማ ናት። ቅዳሜ የደረሰ ሰው ትልቁን ገበያ ያያል። አሪው ከደጋው ምርቱን ይዞ ይወርዳል፤ የቆላው ሰውም ለግብይት ይመጣል። መስጊድ አለ፤ የሃላል ምግብም ከሙስሊም ነጋዴዎች ዘንድ ጠይቆ ማግኘት አያስቸግርም። እኛም ዙህርን ሰግደን፣ ምሳችንን በልተን ወደ ኮረብታው ወጣን።

ኮረብታው ላይ ከተማዋን ቁልቁል እያየ የተቀመጠው ቤት የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ ዋነኛው በጀርመን የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ መምህር የነበሩት ኢቮ ስትሬከር ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ጂን ሊዳል ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሐመር ምድር ከሕዝቡ ጋር ኖረው ቋንቋውን ተምረዋል።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሥራ አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ሕዝብ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከሦስቱ አንዱ ባልዳምቤ የሚባል የሐመር ሽማግሌ ስለ ሕዝቡ በራሱ አንደበት የተናገረው ነው። ተመራማሪዎቹ «ሐመር እንዲህ ነው» ከማለት ይልቅ ሐመሩን አስቀምጠው እንዲያስረዳ ጠየቁት። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ስለ ሰው መናገርና ሰውን ማናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በደቡብ ኦሞ 16 ያህል ብሔረሰቦች ይኖራሉ። አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ጸማይ፣ ካሮ፣ አርቦሬ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲና ሌሎችም። ቋንቋቸውም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ አይደለም። የዳሰነች ቋንቋ ኩሻዊ ነው፤ ከሶማሊኛና ከኦሮምኛ ጋር የሩቅ ዝምድና አለው። የሐመር ከኦሞአዊ ይመደባል፤ የኛንጋቶምና የሙርሲ ደግሞ ከናይሎ ሰሃራዊ። በአንድ አካባቢ ይህን ያህል ልዩነት ያለበት ቦታ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል።

በቤተ መዘክሩ የሚታዩት ዕቃዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ተራ ናቸው። በርኩማ፣ ቅል፣ የቆዳ ልብስ፣ ዶቃ፣ አምባር፣ የወጥ ቤት ዕቃ። ልጆቼን በርኩማው ፊት አቁሜ «ይህ ለምን ይሆን?» አልኳቸው። ልጄ «ለመቀመጫ» አለች። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። በርኩማ መቀመጫም ትራስም ነው። ወንዶች ጠጉራቸውን በሸክላ አፈር አስውበው ሲሠሩ ሌሊት መሬት ነክቶ እንዳይበላሽ አንገታቸውን በርኩማው ላይ ያሳርፋሉ። ከብት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ብዙ ዕቃ መሸከም አይችልምና በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ወንበር፣ ትራስና የወንድ ልጅ መለያ፣ ሦስቱም በአንዲት ቁራጭ እንጨት። ይህን ከሰሙ በኋላ ልጆቼ እያንዳንዱን ዕቃ «ይህስ ለምን ይሆን?» እያሉ ያልፉ ጀመር። ቤተ መዘክር የሚጎበኘው እንዲህ ነው። «ጉድ እኮ ነው!» እያለ የሚያልፍ ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል፤ «ለምን ይሆን?» የሚል ሰው ግን ተምሮ ይወጣል።

ባለቤቴን የሳባት ደግሞ ስለ ሴቶች ኑሮ የሚገልጸው ክፍል ነበር። ቤት የሚሠሩት፣ ወፍጮ የሚፈጩት፣ ማሽላ የሚዘሩት፣ ውሃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው። ፖስት ካርዱ ዶቃቸውን ብቻ ያሳያል፤ ሸክማቸውን ግን አያሳይም።

ከመውጣታችን በፊት አንድ ምክር ለአንባብያን። ወደ መንደሮች ከመሄዳችሁ በፊት ጂንካን አስቀድሙ። ሙዚየሙን ያየ ሰው ወደ መንደር ሲገባ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል። ያላየ ሰው ግን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ከማንሳት ሌላ የሚያደርገው አያገኝም።

ወደ ወንዙ መውረድ

ከጂንካ ወደ ቱርሚ ስንወርድ አየሩ እየሞቀ መጣ። ቱርሚ የሐመር ከተማ ናት፤ ሰኞ ገበያዋ ነው። ከዚያ ወደ ኦሞራቴ 70 ኪሎ ሜትር ግድም ይቀራል። መሬቱ እየረገፈ፣ ቁጥቋጦው እየሳሳ ሄዶ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር እንኳ ወደማይሞላው ሜዳ ይደርሳል። ድንገት በዚያ ደረቅ ሜዳ መካከል ሰፊና ቡናማ ወንዝ ተኝቶ ታያላችሁ። ኦሞ ነው። 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባው ይህ ወንዝ ለሐይቁ ከሚደርሰው ውሃ 90 በመቶ ያህሉን ያስገባል። ሐይቁ በአብዛኛው በኬንያ ውስጥ ነው፤ ሰሜናዊ ጫፉ ግን የእኛ ነው። ባሕር ለሌላት አገራችን በደቡብ በኩል ያለን ዳርቻ ይህ ነው ማለት ይቻላል። በኬንያ በኩል በሎያንጋላኒ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የሐይቁን ሕዝቦች ባህል የሚያሳይ የበረሃ ሙዚየም አለ።

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ራሱ ከመሬት በታች ያለ ትልቅ ቤተ መዘክር ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከፈረንሳይ፣ ከአሜሪካና ከኬንያ የመጡ ተመራማሪዎች እዚህ ሲቆፍሩ፣ በሪቻርድ ሊኪ የተመራው ቡድን በኪቢሽ አካባቢ የሰው ራስ ቅሎችና አጥንቶች አገኘ። ኦሞ 1 ተብሎ የተጠራው ቅሪት እንደ እኛው ያለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት ዕድሜውን 195,000 ዓመት አድርጎት ነበር፤ በ2022 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 230,000 ዓመት ከፍ አደረገው። ቅሪቱ የሚጠበቀው በአዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ስለ አገራችን ጥንታዊ ቅሪቶች ብዙ ማየት ይችላሉና ጉዟችሁን ከዚያ ብትጀምሩም ብትጨርሱም ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ኦሞራቴ ስንደርስ ልጆቼ ስለ አጥንቱ አልጠየቁም። የጠየቁት ስለ ውሃው ነበር።

ውሃ የወሰደውና ያልወሰደው

የዳሰነች ሕዝብ ከብት አርቢ ነው፤ ዓሣም ያጠምዳል፤ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይም ማሽላ ይዘራል። ስለዚህ ሙላት ለዳሰነች ጠላት ብቻ አልነበረም፤ እንጀራም ነበር። ግን ልክ ሲያጣ ይገድላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዙ በሌሊት ገንፍሎ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የወንዙ የዘወትር አመጣጥና አካሄድ ተለወጠ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዝናብ ብዛት ሐይቁ እየሰፋ፣ ወንዙም እየሞላ በርካታ መንደሮችንና የግጦሽ መሬቶችን ዋጠ። በ2016 ዓ.ም. ብዙ ሺህ የዳሰነች ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ኦሞራቴ ከተማም ራሷ በውሃ እንዳትዋጥ ተሰግቶ ነበር።

እኛ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ወጣት አስጎብኚ ይዘን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሰፈር ሄድን። ቤቶቹ እንደ ጉልላት የጎበጡ ናቸው። ቆዳ፣ ቆርቆሮና ሸራ ተቀጣጥሎ ለብሷቸዋል። ወጣቱን «ስልካችንን በኪሳችን እናድርግ፤ መጀመሪያ ሰላምታ እናቅርብ» አልኩት። ፈገግ አለና «እንግዲያው ቡና ይጠብቃችኋል» አለ።

ያስተናገዱን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። የቡና ገለፈት አፍልተው በቅል አቀረቡልን። የሐረር ሰው ሀሸር ብሎ እንደሚያፈላው መሆኑ ነው። ባለቤቴ የሐረር ልጅ ናትና ፉት ብላ «የእናቴ ቤት ደረስኩ» ስትል ወጣቱ ተረጎመላቸው። ከዚያ በኋላ ጠያቂዎቹ እኛ መሆናችን ቀረ፤ እርሳቸው ይጠይቁን ጀመር።

«ይህቺ የመጀመሪያ ሴት ልጅህ ናት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስንት ከብት አረድክላት?»

ግራ ተጋባሁ። ወጣቱ አስረዳኝ። በዳሰነች ዲሚ የሚባል ትልቅ ሥርዓት አለ። አባት የመጀመሪያ ሴት ልጁን ለመመረቅ ከብትና ፍየል አርዶ ይደግሳል፤ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። አባትየውም ራሱ ወደ ሽማግሌነት የሚያልፈው በዚህ ድግስ ነው። ማለትም ወንዱ ክብሩን የሚያገኘው በሴት ልጁ በኩል ነው። ይህንን ስሰማ አንዳንድ ቦታ ሴት ልጅ ስትወለድ የሚጠቁሩ ፊቶች ትዝ አሉኝ።

«እኛም ዐቂቃ የሚባል አለን፤ በተወለደች በሰባተኛው ቀን አንድ በግ አርጄላታለሁ» አልኩ።

እናትየው ለልጄ አዘኑላት። «አንድ በግ ብቻ?» ብለው ሲስቁ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ሳቀ። ልጄም አባቷ በሰው አገር እንዲህ ሲከሰስ አይታ ደስ አላት።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ባለቤቴ ስለ ውሃው ጠየቀቻቸው። ወንዙ ሲመጣ የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በእጃቸው የወተት ቅላቸውን ይዘው እንደወጡ ነገሩን። ቤቱን፣ ማሽላውንና የባለቤታቸውን በርኩማ ውሃው ወሰደው። ልጄ ይህን ጊዜ ደፍራ «ጂንካ ሙዚየም ውስጥ በርኩማም ቅልም አለ፤ እዚያ አይጠፋም» አለች። ወጣቱ ተረጎመ። እናትየው ጥቂት አሰቡና «ቅሉ ውስጥ ወተት አለ?» ሲሉ ጠየቋት።

«የለም።»

«እንግዲያው ቅሉ ተርቧል» አሉ።

ይህ ንግግር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤተ መዘክር ትልቅ ነገር ነው። ውሃ፣ ሌባና ጊዜ የሚወስዱትን ያቆያል፤ ለልጅ ልጅም ያሳያል። ነገር ግን ቅሉን እንጂ ወተቱን ማኖር አይችልም። ወተቱ ያለው ሰዎቹ ዘንድ ነው፤ ከብቶቻቸው ሲኖሩ፣ መሬታቸው ሲደርቅ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ። የእነዚህን ሰዎች ዕቃ እያደነቅን ኑሯቸው ሲጎድል ዝም ካልን፣ የምንወደው ባዶውን ቅል ብቻ ነው።

ለሚጓዙ ቤተሰቦች

ጂንካ ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአውሮፕላንም ይደረሳል፤ ጊዜ ያለው ግን በየብስ ቢሄድ ኮንሶን ያገኛል። ለኦሞራቴ ደረቁ ወቅት ይሻላል፤ በሙላት ጊዜ መንገዱንና የወንዙን ሁኔታ ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም። ሙዚየሞቹም በምን ሰዓት እንደሚከፈቱ ቀድሞ ማጣራት ነው። ውሃ በብዛት፣ ኮፍያ፣ አጎበርና ደረቅ ስንቅ ያዙ። ከቱርሚ በታች የሃላል ሥጋ ባያጋጥም ዓሣና እንቁላል ያብቃቃል። የአካባቢውን ተወላጅ አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ።

ስለ ፎቶ ጉዳይ አጥብቄ ልንገራችሁ። በእነዚህ መንደሮች በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር እየተባለ መክፈል ልማድ ሆኗል። ሰዎቹ ኑሮ አስገድዷቸው ለካሜራው ብለው የሚደረድሩት ጌጥ አለ። እኛም የቤታችንን የቀን መቁጠሪያ የሸፈነው ያ የቆርኪ ጌጥ ከዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም። ከመክፈል በፊት ሰላምታ፣ ከፎቶ በፊት ስም ይቅደም። የገዛችሁት ነገር ቢኖር ከሠራው ሰው እጅ ይሁን፤ ከመቃብር የተነቀለ ወይም ያረጀ ቅርስ ነው ብሎ የሚያቀርብላችሁን ግን አትንኩ። የካራቶቹን ዋካዎች አስታውሱ።

በሱረቱል ሑጁራት የሰው ልጆች ሕዝቦችና ጎሳዎች ሆነው የመፈጠራቸው ምክንያት መተዋወቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መተዋወቅ ደግሞ ከሁለት ወገን ነው። እኛ የምናውቃቸው፣ እነርሱ የማያውቁን ከሆነ ተመለከትን እንጂ አልተዋወቅንም።

ከሰፈሩ ስንወጣ እናትየው ከልጄ ጋር ፎቶ እንድናነሳቸው ራሳቸው ጠየቁ። አነሳናቸው። የዋጋ ነገርም አልተነሳም። ቤት እንደገባን ልጄ የቀን መቁጠሪያውን አወረደችና በምትኩ ያንን ፎቶ ሰቀለችው። ከሥሩም በእጅ ጽሑፏ የእናትየውን ስም ጻፈችበት። አሁን እንግዳ ሲመጣና «እነዚህ እነማን ናቸው?» ሲላት የምትመልሰው አላት። «ኦሞራቴ ያሉ ዘመዳችን ናቸው። ለእኔ አንድ በግ ብቻ በመታረዱ አዝነዋል» ትላለች።

መልካም ጉዞ ለሁላችሁም፣ ኢንሻአላህ።